የእናታችን ጉልበትና የመርፌው ሕክምና



በየመስጊዶቻችን በሶፉ ዳርና ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ አባቶችና እናቶች አሉ። ጀመዓው ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እነርሱ በተቀመጡበት አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የሚያያቸው ሰው «እርጅና ነው፣ አላህ ያግራላቸው» ብሎ ያልፋል። ዱዓው መልካም ነው። ሆኖም እርጅና የበሽታ ስም አይደለም። ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው ሕመም ስም አለው፤ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ሕክምናም አለው። ሕክምናው የሚችለውና የማይችለው ነገር ተለይቶ ካልታወቀ ግን ገንዘብም ጊዜም፣ ከሁሉም በላይ የበሽተኛው ተስፋ ይባክናል።

ይህችን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሳሳን የእናታችን ጉልበት ነው። እኛ ልጆቿ አራት ነን። አንዳችን በደሴ፣ አንዳችን በአዲስ አበባ፣ ታላቅ ወንድማችን በጂዳ፣ እህታችን ደግሞ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት አሌክሳንድሪያ ከተማ እንኖራለን። እናታችን ደሴ ተወልዳ፣ ደሴ አግብታ፣ እኛንም እዚያው ካሳደገች በኋላ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከእህታችን ዘንድ ናት። ስለዚህ የእርሷ ሕመም በአራት ከተሞች ውስጥ በስልክ ሲመከርበት የከረመ ጉዳይ ነው። ያየነውንና ከሐኪሞች የተረዳነውን ብናካፍል፣ እንደ እኛው እናት ወይም አባት ያላቸው ቤተሰቦች ይጠቀሙበት ይሆናል በሚል አሳብ ጽፈነዋል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሕመሙ ሲጀምራት ስሙ ብዙ ነበር። አንዱ ጎረቤት «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» አላት። ሌላው «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ገብቶሽ ነው» አላት። ወገሻም አሽቷታል፤ የጥቁር አዝሙድ ዘይትም ማታ ማታ ስትቀባ ኖራለች። ራጅ ከተነሳች በኋላ ሐኪሞቹ የሰጡት ስም ኦስቲኦአርትራይተስ የሚል ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር የመገጣጠሚያ መበላት ልንለው እንችላለን።

የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት ጉልበት ላይ በሚገናኙበት ቦታ ጫፋቸው በለስላሳ ልም አጥንት ተለብጧል። ይህ ልባስ አጥንት ከአጥንት ጋር ሳይፋጭ እንዲንሸራተት ያደርጋል። በዕድሜ፣ በክብደት፣ በቀድሞ ጉዳት ወይም በዘር ምክንያት ልባሱ እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ ያለው አጥንት ይደድራል፤ በዳሩ ላይም እሾህ መሰል የአጥንት ጭማሪ ይበቅላል። የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋንም አልፎ አልፎ ያብጣል። ሪህ ግን ሌላ ነው። ሪህ በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠጥር የሚመጣ ሲሆን፣ ድንገት ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም የእግርን አውራ ጣት ያጠቃል። ስለዚህ ሥጋ መተው የእናታችንን ጉልበት ሊፈውሰው አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባልልን እንፈልጋለን። ልም አጥንቱ ራሱ ነርቭ የለውም፤ ቢቆረጥ እንኳ አያምም። «አመመኝ» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚልኩት ከሥሩ ያለው አጥንት፣ የውስጡ ሽፋንና ጅማቶቹ ናቸው። ከዚህ በታች የምንገልጸው የመርፌ ሕክምና የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ሕመሙ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2019 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ መካከል 73 በመቶው ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ፣ 60 በመቶው ደግሞ ሴቶች ናቸው። በብዛት የሚጠቃውም ጉልበት ነው።

የወሰደባት ነገር

የእናታችን ሕመም አመጣጡ ቀስ በቀስ ነበር። መጀመሪያ ደረጃ መውረድ ከበዳት። ቀጥሎ ቡና ስታፈላ በርጩማዋ ዝቅ አለባትና በወንበር ተቀየረ። ከዚያ በተሸሁድ ጊዜ እግሯን አጥፋ መቀመጥ አቃታት። በመጨረሻም ከሱጁድ መነሳት እያቃታት ሁለት ጊዜ ሶላቷ ላይ በጎኗ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ መስገድ ጀመረች።

ዲናችን ለታመመ ሰው ያገራ መሆኑን፣ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥም ያልቻለ ተጋድሞ እንዲሰግድ የተፈቀደለት መሆኑን እናታችን ከእኛ በተሻለ ታውቃለች። በጤናው ጊዜ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ለታመመ ሰው እንደሚጻፍለትም ሰምታለች። ልናጽናናት ይህንኑ ስንደግምላት የሰጠችን መልስ ግን ዛሬም ከጆሯችን አልጠፋም።

«የተፈቀደልኝን አውቃለሁ ልጆቼ። ያስቸገረኝ ናፍቆቱ ነው» አለችን።

በዚህ ሁሉ መካከል ሕመሙን የምታስታግሰው አይቡፕሮፌን በመውሰድ ነበር። ይህ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ በመሆኑ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ያየዋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ጨጓራን ያቆስላል፤ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። እናታችን ደግሞ ስኳርም ደም ብዛትም ስላለባት ሐኪሟ አስቆማት። በምትኩ ጉልበቷ ላይ የምትቀባውን ዳይክሎፌናክ ቅባት አዘዘላት።

ከመርፌው በፊት

ሐኪሞቹ በቀጥታ ወደ መርፌ አልሄዱም። የመጀመሪያው ሕክምና እንቅስቃሴ ነበር። ይህ ለማስተዛዘን የሚሰጥ ምክር እንዳልሆነ በኋላ ተረድተናል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለማንኛውም የኦስቲኦአርትራይተስ በሽተኛ በቅድሚያ የሚሰጠው ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው፤ ክብደቱ ለበዛም ክብደት መቀነስ። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ደግሞ ከሰውነት ላይ 1 ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እናታችን ስድስት ኪሎ ቀነሰች። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ማንሳትን፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥን ተማረች። ከዘራዋንም ከሚያማት እግር በተቃራኒ ባለው እጇ እንድትይዝ ተነገራት፤ ቀኝ ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ከዘራው በግራ እጅ ነው። እነዚህ ሁሉ ረዷት። ሆኖም ሕመሙ ስለሚያቋርጣት እንቅስቃሴውን በተፈለገው መጠን መሥራት አልቻለችም። ጡንቻው ካልጠነከረ ሕመሙ አይቀንስም፤ ሕመሙ ካልቀነሰ ጡንቻው አይጠነክርም። ነገሩ እንዲህ ተቆላልፎ ቆየ።

ከዚያ የስቴሮይድ መርፌ ጉልበቷ ውስጥ ተወጋች። ሕመሙ ለጥቂት ሳምንታት ቀነሰላት፤ ስኳሯ ግን ለቀናት ከፍ ብሎ አስደነገጠን። ይህን መርፌ ደጋግሞ መወጋት ጉዳት እንዳለውም ተነገረን። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ፣ 140 በሽተኞችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በየሦስት ወሩ ስቴሮይድ የተወጉት ሰዎች ልም አጥንታቸው ይበልጥ መሳሳቱን፣ ሕመማቸውም የጨው ውኃ ከተወጉት በተለየ ሁኔታ አለመቀነሱን አረጋግጧል።

ታላቅ ወንድማችን አሳቡ አንድ ነበር፤ ጉልበቱ በቀዶ ጥገና ይቀየር አለ። አሳቡ መሠረት ያለው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ሰፊ ጥናት መሠረት ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። የተበላን ጉልበት በእርግጥ የሚተካው ሕክምና ይህ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ስኳሯ በቁጥጥር ሥር ሳይውል ቁስሉ ሊያመረቅዝ ስለሚችል መጀመሪያ እርሱ ይስተካከል አለ። እናታችንም «ለአሁኑ ይቆየኝ» አለች።

በዚሁ መካከል በአካባቢው ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ግንደ ሕዋስ በመርፌ በመስጠት አዲስ ልም አጥንት እናበቅላለን እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ለአንድ ጉልበት 5,000 ዶላር ይጠይቅ ነበር። እህታችን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዶታል ወይ ብላ ስትጠይቅ ቀጥተኛ መልስ አላገኘችም። ባለሥልጣኑ ለኦስቲኦአርትራይተስ የፈቀደው አንድም የግንደ ሕዋስ ሕክምና የለም። ትተውት ወጡ።

ከ0 እስከ 10

የሕመም ሕክምና ሐኪሟ ዘንድ ስትቀርብ የተጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁሉም በሽተኛ የሚጠየቀው ነው። «ከ0 እስከ 10 ቢቆጠር ሕመምዎ ስንት ነው?»

እናታችን «አልሐምዱ ሊላህ» አለች።

ጥያቄው ተደገመ። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ከኔ የባሰ ስንት አለ» አለች።

አንባቢያን ይህንን መልስ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሕመማቸውን በቁጥር መናገር ጌታቸውን መክሰስ ይመስላቸዋል። ሶብር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ለሐኪም ሕመምን በትክክል መግለጽ ማማረር አይደለም፤ ሰበብ ማድረስ ነው። በዚያን ዕለት ያስተረጎመችላት እህታችን አልነበረችም። በአሜሪካ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ቋንቋ ለማይችል በሽተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ በስልክ ተገኝታለች። ይህ ጥሩ ሆነ። እናታችን በልጇ አፍ ከተናገረችው ይልቅ ለማታውቃት ሴት የተናገረችው ብዙ ነው።

ሐኪሟ ጥያቄውን ቀየሩት። «እሺ ቁጥሩ ይቅር። ሕመሙ ምን ከለከለዎት?» አሉ።

ያኔ ተናገረች። ሱጁድ አለች። ደረጃ አለች። ሌሊት ስትገላበጥ እንደምትነቃ ነገረች። ለማናችንም ነግራን የማታውቀውንም ጨመረች። ጂዳ ያለው ልጇ ዑምራ ላምጣሽ ሲላት «ቆይ» እያለች የምታዘገየው ጉልበቷን ፈርታ እንደሆነ፣ በሶፋና መርዋ መካከል በራሷ እግር መሄድ እንደምትመኝ ተናገረች።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

የታዘዘላት ሕክምና የጉልበት ነርቮችን በራዲዮ ሞገድ ሙቀት ማደንዘዝ ይባላል። ቀዶ ጥገና የለውም፤ የሚገባው መርፌ ነው። በጉልበት ዙሪያ የሕመም መልእክት የሚያመላልሱ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ሐኪሞቹ ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ሦስቱን ነው፤ ከጉልበት በላይ በውስጥና በውጭ በኩል ያሉትን ሁለቱን፣ ከጉልበት በታች ደግሞ በውስጥ በኩል ያለውን አንዱን። ከታች በውጭ በኩል ያለው ይተዋል፤ ምክንያቱም በአጠገቡ የእግርን ጫማ ወደ ላይ የሚያነሳው ትልቅ ነርቭ ያልፋል።

መጀመሪያ ሙከራ ይደረጋል። በሦስቱ ነርቮች አጠገብ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ብቻ ይወጋል። ውጤቱ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ በሽተኛው ተመላልሶ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰለት ዋናው ሕክምና ሊጠቅመው እንደሚችል ይገመታል፤ ካልቀነሰለት ግን እዚያው ይቆማል። እናታችን በሙከራው ቀን የሕንፃውን ደረጃ ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደች። «ይንቋቋል እንጂ አያምም» ስትል ሳቀች። ያቺ አነጋገሯ የሕክምናውን እውነት በሙሉ ትገልጻለች። ጉልበቱ ያው ነው፤ የተበላው እንደተበላ ነው፤ ዝም ያለው መልእክተኛው ነው።

ዋናው ሕክምና በቀኝ ጉልበቷ ላይ በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ በግራው ላይ ደግሞ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ተደረገላት። ታፋዋ ላይ የኤሌክትሪክ መመለሻ ልጣፍ ተለጠፈ። ቆዳው ከደነዘዘ በኋላ ሐኪሟ በራጅ ምስል እየተመሩ መርፌዎቹን ነርቮቹ ከሚያልፉበት አጥንት አጠገብ አደረሱ። በመርፌው ውስጥ የሚያልፈው የራዲዮ ሞገድ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያሞቀዋል። በአንድ ቦታ ላይ የሚቆየውም ከ1 ደቂቃ ተኩል እስከ 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። በዚያው ቀን ቤቷ ገባች።

እህቶች የሚጠይቁት ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የሰውነት መሸፈን ነው። እህታችን ቀደም ብላ በስልክ ስለጠየቀች የምትረዳት ነርስ ሴት እንድትሆን ተደረገ፤ ከጉልበቷ በቀር ሌላው አካሏም በአንሶላ ተሸፈነ። አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሕክምናው ከጉዳት ነፃ ነው አንልም። የመርፌው ቦታ ሊበልዝ፣ ሊያመረቅዝ ወይም ቆዳው ለጊዜው ሊደነዝዝ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ልቡ ላይም የምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። እናታችን ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ከነበረው የተለየ መለብለብ ተሰምቷት ነበር፤ በኋላ ጠፋ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ይህ ሕክምና ለጉልበት የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. በኮሪያ ሐኪሞች 38 አረጋውያን ላይ ያደረጉት ጥናት ከታተመ በኋላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በውስጡ ውኃ እየተዘዋወረ የሚቀዘቅዘውን ዓይነት መሣሪያ ለጉልበት ኦስቲኦአርትራይተስ ሕመም እንዲውል ፈቀደ። በ2018 እ.ኤ.አ. በ151 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው በዚህ ሕክምና 74 በመቶ፣ በስቴሮይድ መርፌ 16 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ቁጥሩ ያስደስታል፤ ነገር ግን ሙሉው ይነገር። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው የመሣሪያው አምራች ነው፤ በሽተኞቹም የትኛውን ሕክምና እንዳገኙ ያውቁ ነበር። ይህ ለምን ያሳስባል? በጉልበት ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ትምህርት ስላለ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ሐኪሞች 180 በሽተኞችን ወስደው ለከፊሎቹ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ ጉልበታቸውን አጠቡላቸው፣ ጠረጉላቸውም፤ ለቀሩት ግን ቆዳቸውን ብቻ ሰንጥቀው ሰፉላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከታተሏቸው በሁለቱ መካከል የሕመም ልዩነት አልተገኘም። ይህ ሕክምና ከዚያ በፊት በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ሲደረግ የነበረ ነው። እንግዲህ ሕክምና ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ወይም መሣሪያው አዲስ ስለሆነ ብቻ ጥሩ አይባልም።

የተገዛው ጊዜ

የዚህ ሕክምና ዋነኛ ባሕርይ ጊዜያዊ መሆኑ ነው። ነርቩ ሞቶ አይቀርም፤ ተመልሶ ያድጋል። እፎይታው ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ የሚበልጥለትም አለ። ስለዚህ ሐኪሟ ለእናታችን ያሏት ቃል ይህ ነበር፤ «እኔ የምሰጥዎት አዲስ ጉልበት አይደለም፤ ጊዜ ነው። በጊዜው ምን እንደሚያደርጉበት ከአሁኑ ያስቡ።»

እናታችን አሰበችበት። በመጀመሪያ ያ የተቆላለፈው ነገር ተፈታ። ሕመሙ ሲቀንስ የፊዚዮቴራፒውን እንቅስቃሴ በቀን ሁለት ጊዜ ያለማቋረጥ መሥራት ቻለች። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ለሱብሒ ሶላት ወንበሯን ከአጠገቧ አድርጋ፣ በእርሱም ተደግፋ ወረደችና ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አሳረፈች። እህታችን ከኋላዋ ነበረች። ሱጁዷ እጅግ ረዘመ። ተነስታ አሰላምታ ካወጣች በኋላ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ቁርስ አቀረበች።

ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰም። ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ጉልበት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ መታጠፍ አለበት። የእናታችን ጉልበት የሚታጠፈው እስከ መጠኑ ነው፤ የሚያግደው ሕመም ብቻ ሳይሆን የበቀለው አጥንትም ስለሆነ ነርቭ ማደንዘዝ ያንን አያነሳም። በተሸሁድ ጊዜ እግሮቿን ወደ አንድ ጎን አውጥታ ትቀመጣለች። ሲደክማትም ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማችን ለዑምራ ወሰዳት። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው አንዱ ጉዞ 450 ሜትር ያህል ነው፤ ሰባቱ ሲደመር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አራቱን በእግሯ ሄደች። በአምስተኛው ጉልበቷ ከበዳትና የቀሩትን ሦስት በተሽከርካሪ ወንበር ፈጸመች። ወንድማችን አዝኖ «እማ፣ ቅር አለሽ?» ቢላት «አንድም አልሄድም ብዬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አራቱን ቁጠርልኝ እንጂ» አለችው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የቀኝ ጉልበቷ ሕመም መመለስ ጀመረ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሕክምናው ተደገመላት። ስኳሯ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለተስተካከለ የቀዶ ጥገናው በርም አልተዘጋም። መቼ እንደሚሆን የምትወስነው ግን እርሷ ናት፤ እኛ የምናቀርበው መረጃ፣ ትኬትና ዱዓ ነው።

ለአንባቢያን የምንለው

ይህ ሕክምና በሁሉም አገር፣ በሁሉም ሆስፒታል የሚገኝ አይደለም፤ ለሁሉም ጉልበትም አይሆንም። ባይገኝም ግን ትልቁ ክፍል በእጃችን ነው። እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ከዘራን በትክክለኛው እጅ መያዝ፣ ክብደት መቀነስ፣ የሕመም ክኒንን ያለ ሐኪም አለመደጋገም በደሴም፣ በጅማም፣ በጂዳም ይቻላል። የጉልበት ሕመም ሁሉ ኦስቲኦአርትራይተስ አይደለምና ራጅ ወይም ምርመራ ይቅደም። ጉልበት ድንገት አብጦ ከሞቀ፣ ከቀላ ወይም ትኩሳት ካለው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

የመርፌ ሕክምና የሚቀርብላችሁ ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሕመሙን ነው የሚቀንሰው ወይስ ጉልበቱን ነው የሚጠግነው? ስንት ወር ይቆያል? ካልሠራስ ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የማይሰጥ ሰው ገንዘባችሁን አይቀበላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን እናትና አባታችሁን ጠይቁ። «ያምሻል ወይ?» አትበሏቸው፤ መልሱ «አልሐምዱ ሊላህ» ነው። «ምን ከለከለሽ? ምን ናፈቀሽ?» በሏቸው። ሕክምናው የሚመረጠው ከዚያ መልስ ነው።

አላህ ለታመሙ ወላጆቻችን ሁሉ ዐፊያ ይስጥልን። አሚን።